አፍንጫ ያለው ካቻቢቴ

ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋደም ልበል ብሎ አያስብም። ከላይ ያለው ጎረቤት ጂብሰም ያቆማል፣ ከታች ያለው ጂብሰም ያፈርሳል፣ ፊት ለፊት ያለው ደግሞ የሁለቱንም ዋጋ ጠይቆ ተራውን ይጠብቃል። በዕጣ ሲደርስ ባለ ሁለት መኝታ የነበረው ቤት ዓመት ሳይሞላው ባለ ሦስት ይሆናል። ቀጥሎ ሳሎኑ ተከፍሎ ከክፍለ ሀገር ለመጣ የወንድም ልጅ ማደሪያ ይወጣለታል። የወንድም ልጅ ሥራ ይዞ ሲወጣ ክፍሏ ለተከራይ ትሰጣለች፤ ተከራዩ ሲያገባ ደግሞ እሷም ለሁለት ትከፈላለች። ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ብሎኬት አልተነሣም፣ አንድ ባሬላ ስሚንቶ አልተቦካም። የተሰማው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ትርርርር ጥቅ፤ ትርርርር ጥቅ።

እኔ በዚያች «ጥቅ» ላይ የምለው አለኝ። «ትርርርር» የሞተር ነው፤ የትኛውም ሞተር ይላታል። «ጥቅ» ግን የጂብሰም ካቻቢቴ «ይበቃል» የሚልባት ቅጽበት ናት። በእኛ አገር በራሱ ጊዜ ይበቃል የሚል ነገር ብርቅ ነው። ስብሰባ ይበቃል አይልም። የሠርግ ድምፅ ማጉያ ይበቃል አይልም። ድግስ ላይ የሚያጎርሱ እናት፣ ጎራሹ ዓይኑ ፈጦ እጁን እያወራጨ እንኳ፣ «በሞቴ» እንጂ ይበቃል አይሉም። እንዲህ ባለ አገር አንድ መሣሪያ ገና ሲፈጠር ማቆምን ተምሮ ሲመጣ ሊከበር ይገባው ነበር። የሚሆነው ግን ሌላ ነው፤ ማቆሚያውን ነቅለን እንጥልለታለን።

ጂብሰም ከመለመዱ በፊት ኮርኒስ ማለት ለብዙው ሰው አቡጀዲ ነበር። ላልደረሰበት ወጣት ላስረዳ፤ ጨርቁ ከግድግዳ ግድግዳ ይወጠርና በስስ እንጨትና በምስማር ይያዛል። ክረምት ሲገባ ጣሪያው ያፈሰሰበት ቦታ ቡና ዓይነት ካርታ ይሠራል፤ ልጆች በጀርባቸው ተጋድመው አንዱ አፍሪካ ነው፣ አንዱ የለም ዝሆን ነው እያሉ ይከራከራሉ። ማታ አይጥ ስትሮጥ እግሯ በጨርቁ ላይ አንድ በአንድ ይታያል፤ ድመቷም አንጋጣ ከሥር ከሥሯ ትከተላታለች። የዚያን ዘመን ኮርኒስ ሠሪ መሣሪያው መዶሻ፣ የሥራ አደጋው የገዛ አውራ ጣቱ ነበር። መዶሻ ቅን መሣሪያ ነው፤ ሊመታህ ሲመጣ ታየዋለህ፣ ከመታህም በኋላ ማን እንደመታህ አትጠይቅም።

ጂብሰሙ ራሱ እንግዳ ደራሽ አይደለም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ሰው ገደሉ ላይ ከሚያየው የድንጋይ ንብርብር አንዱ እሱ ነው። ስሚንቶ ፋብሪካዎችም ስሚንቶው ከውሃ ጋር እንደተገናኘ ወዲያው እንዳይደርቅ ከክሊንከሩ ጋር ይፈጩታል። አውጉስቲን ሳኬት የሚባል አሜሪካዊ በፈረንጆች 1894 ይህንን ነገር ከወረቀት ጋር ደራርቦ ሰሌዳ ለማድረግ የፈጠራ መብት አወጣ፤ የዛሬው ጂብሰም ቦርድ የዚያ ሰሌዳ የልጅ ልጅ ነው። ከጂብሰም ክብደት አንድ አምስተኛ ያህሉ ከድንጋዩ ጋር ተዋሕዶ የተቀመጠ ውሃ ነው። እሳት ሲነሣ ያ ውሃ እየተነነ ሙቀቱን ያዘገየዋል። ቧንቧው በሳምንት ሁለት ቀን በሚንጠባጠብበት ሰፈር ግድግዳ ውስጥ ይህን ያህል ውሃ መቀመጡ ያስቀናል።

አሜሪካ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱ እናቶች ከዚህ ሰሌዳ ጋር የሚተዋወቁት በጣታቸው ነው። ግድግዳውን ቆርቆር አድርገው ያዳምጡና «ልጄ፣ ያን ሁሉ ዶላር ከፍለሽ ካርቶን ነው የሸጡልሽ?» ይላሉ። ልጅቷ ምን ትበል? የሰፈሩ ቤት ሁሉ ካርቶን ነው። እናትየው አገራቸው ሲመለሱ ግን የራሳቸው ኮርኒስ ያው «ካርቶን» ሆኖ ይጠብቃቸዋል፤ ታናሽየው «ሰርፕራይዝ ላድርጋት» ብሎ አሠርቶታል።

ወደ ካቻቢቴው እንመለስ። ሱቅ ገብቶ የኤሌክትሪክ ካቻቢቴ የሚገዛ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው።

«ኃይል አለው?»

«ኃይል ነው የሚሉት ጋሼ? ይሄ ግድግዳ ይበሳል!»

«እስቲ አስነሣው።»

ሻጩ ያስነሣዋል፤ ይጮኻል፤ ገዢው ልቡ ይሞላል። የሚያሠራው ኮርኒስ ነው፤ የሚገዛው ግን ኮንክሪት የሚበሳ ድሪል ነው። ወደ ቤቱ ሲሄድ መንገድ ላይ ከረጢቱን ከፈት እያደረገ ያየዋል። «ማቆም ይችላል?» ብሎ የሚጠይቅ ገዢ ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ቢጠይቅ ሻጩም ግራ ይጋባ ነበር፤ እቃውን ሊያስመልሰው የመጣ ነው የሚመስለው።

የጂብሰም ካቻቢቴ ከድሪል የሚለየው ግን እዚያው ላይ ነው። ከፊቱ አፍንጫ አለው፤ የካቻቢቴው ጫፍ ከአፍንጫው ውስጥ ትንሽ ብቻ ብቅ ይላል። ቃታውን ሲስቡት ሞተሩ ይዞራል፣ ጫፉ ግን ዝም ይላል። ብሎኑን ጫፉ ላይ አድርገው ሰሌዳው ላይ ጫን ሲሉት ነው ውስጥ ያለው ፍሪሲዮን የሚይዘውና ብሎኑ መዞር የሚጀምረው። ብሎኑ ገብቶ አፍንጫው ሰሌዳውን ሲነካ ፍሪሲዮኑ ይለቃል፤ ሞተሩ እየጮኸ እንኳ ብሎኑ ይቆማል። ጥቅ። የመኪና ሹፌር ይህን በእግሩ ያውቀዋል፤ ማርሽ ሳያስገባ ነዳጅ ቢረግጥ መኪናው ከመጮህ አልፎ የትም አይሄድም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለአንድ ወረቀት ነው። ሰሌዳውን አንጠልጥሎ የያዘው የብሎኑ ራስ ነው፤ የብሎኑን ራስ የያዘው ደግሞ የሰሌዳው ወረቀት ነው። ራሱ ከወረቀቱ በጥቂቱ፣ 1 ሚሊ ሜትር በማይሞላ፣ ሰርጎ መቆም አለበት። ስቱኮ ሲለቀለቅበት ይጠፋል፤ ወረቀቱ ግን እንዳልተቀደደ ነው። ኃይለኛው ድሪል የት መቆም እንዳለበት አያውቅምና ወረቀቱን በስቶ ያልፋል። ከዚያ ወዲያ ብሎኑ የያዘው ዱቄት ነው። ያን ቀን ምንም አይታይም፤ ሠራተኛው ሂሳቡን ተቀብሎ፣ ተመርቆ ይሄዳል። ከዓመት በኋላ እራት ላይ ኮርኒሱ ሲያጋድል ባለቤቱ የሚከስሰው የላይኛውን ጎረቤት ነው፤ «ልጆቹን አላስቀምጥ ብሎ!»

የጥልቀቱ ልክ የሚስተካከለው አፍንጫውን በማዞር ነው። ወደ አንድ ወገን ሲዞር ብሎኑ ይሰርጋል፣ ወደ ሌላው ሲዞር ጎልቶ ይቀራል። በቁራጭ ሰሌዳ ላይ ሁለት ሦስት ብሎን አስገብቶ ልኩን ማየት ደቂቃ አይፈጅም። ይህን የሚያደርግ ሠራተኛ ያየህ ቀን ስልኩን ተቀበለው፤ ለሌላም ሥራ ትፈልገዋለህ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ሲፈስስ ለሚታይ ነገር ነው፤ ጂብሰም ላይ የፈሰሰው ስቱኮ ይለበስና ለሚቀጥለው ባለቤት ይተላለፋል።

እስካሁን የነገርኳችሁ የኮርኒሱን ደኅንነት ነው። የሰውየው ደኅንነት ሌላ ምዕራፍ ነው፤ እውነቱን ለመናገር እኔን የሚያሳስበኝም እሱ ነው።

ለጂብሰም በብዛት የሚያገለግለው ጥቁር ብሎን ርዝመቱ 25 ሚሊ ሜትር ነው። የተለመደው ሰሌዳ ውፍረት ደግሞ 12.5 ሚሊ ሜትር። ሂሳቡን ሦስተኛ ክፍል ያለ ልጅ ይሠራዋል፤ ግማሹ ብሎን በወዲያኛው ወገን ይወጣል። ሹል ነው፤ ላሜራ በስቶ እንዲያልፍ የተሠራ ሹል። አሁን አስቡት፤ ክፍልፍል ግድግዳ እየቆመ ነው። ቋሚው ላሜራ ስስ ስለሆነ ሲገፉት ወደ ኋላ ይሸሻል። ባለ ካቻቢቴው «ያዝልኝ ከዚያ በኩል!» ይላል። ከወዲያ በኩል ረዳቱ፣ ወይም የቤቱ ባለቤት፣ ወይም የቤቱ ባለቤት ትንሽ ልጅ፣ መዳፉን ዘርግቶ ላሜራውን ይደግፋል። ሁለቱ አይተያዩም። አንደኛው ብሎን የሚያስገባበትን ያውቃል፣ ሌላኛው መዳፉ ያለበትን ያውቃል፤ ሁለቱን የሚያውቅ ግን ከመካከላቸው የለም። ላሜራውን መደገፍ የሚያስፈልግ ከሆነ ከብሎኑ መስመር ራቅ አድርጎ በእንጨት መደገፍ ነው። መዳፍ ምን ቢጠነክር ላሜራ አይደለም።

የዚህኛው ወገን እጅም ያው ነው። ጀማሪ ሁሉ ብሎኑን በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ ይዞ ያስነሣዋል። ጫፉ በደቂቃ 4,000 ጊዜ ያህል የሚሽከረከር የጂብሰም ካቻቢቴ ሞልቷል፤ የብሎኑ ጥርስ በዚያ ፍጥነት ሲዞር በጣት ቆዳ ላይ ምን እንደሚሠራ መንገር አያሻም። ጫፉ ማግኔት አለው፤ ብሎኑን እሱ ይይዘዋል። ማግኔቱ እያለ ጣት የሚልክ ሰው የታጠበ ማንኪያ ቀርቦለት በእጁ ሾርባ እንደሚጠጣ ሰው ነው። ጫፉም ያልቃል። የመስቀል ቅርጹ ሲዶለዱም ብሎኑን ስቶ ይንሸራተትና ወረቀቱን ይተለትላል፤ ወይም አጠገቡ ያለውን እጅ። መስቀለኛውን ራስ በ1936 ባገኘው የፈጠራ መብት ያስፋፋው የኦሪገኑ ሄንሪ ፊሊፕስ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን አንዳንዱ ጫፍ በዚያው ዓመት የተገዛ ይመስላል። ለጫፍ መግዣ የሚወጣው ገንዘብ ከአንድ ማኪያቶ ብዙ አይርቅም።

ብሎን በአፍ መያዝን አናጺዎች ያስለመዱን ነው። በከንፈር መካከል አምስት ስድስት ብሎን ደርድሮ መሰላል ላይ የሚወጣ ሰው የሚያስደንቅ ሙያተኛ ይመስላል፣ ከታች አንድ ሰው የሚያስቅ ነገር እስኪናገር ድረስ። ያበሻ ቤት ደግሞ ከታች የሚያስቅ ሰው አያጣም። የኪስ ቦርሳ፣ የጥሬ ቆሎ ስልቻ፣ የአሮጌ ሱሪ ኪስ፣ ምንም ይሁን፤ ከአፍ ሌላ ብዙ ማስቀመጫ አለ።

ስለ ልብስ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። በሚሽከረከር መሣሪያ አጠገብ የሚንጠለጠል ነገር ጠላት ነው። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ «እስቲ እዚህ ጋ ትንሽ ዝቅ አድርገው» ልትል የምትጠጋው እመቤት፣ የሠራተኛው የአንገት ልብስ፣ የሰፋ ጓንት፣ ማተብም ቢሆን። ማተቡን ወደ ሸሚዙ ውስጥ መክተት እምነት ማጉደል አይደለም።

ኮርኒስ ላይ ሲደርስ ነገሩ ሁሉ ይከብዳል። 1.2 በ2.4 ሜትር የሆነ ሰሌዳ 25 ኪሎ ግራም አካባቢ ይመዝናል፤ ሩብ ኩንታል ማለት ነው። ይህን ሩብ ኩንታል ሁለት ሰዎች በጭንቅላታቸው ደግፈው ሦስተኛው ብሎን ያስገባል። አንገታቸው ሰመጠ፤ ተንጠራርተው ላብ በላብ ሆኑ፤ «ቶሎ በል እንጂ!» ይላሉ፤ ባለ ካቻቢቴውም ቶሎ ይላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ያለው ሰው ኮርኒስ ሳያሠራ አልቀረም። መደገፊያ እንጨት ማቆም፣ ከጫፉ ላይ እንደ ቲ የተሠራ አጣና፣ የሁለቱንም አንገት ያተርፋል። ከሥር ሆኖ አንጋጦ የሚሠራ ሰው ዓይን ደግሞ የአቧራው መውረጃ ነው። መነጽር አድርጉ ሲባሉ «አያሳየኝም» ይላሉ፤ ትንሽ ቆይተው ዓይናቸውን በእርጥብ ጨርቅ ይዘው ይቀመጣሉ፤ ያኔ በእርግጥም አያሳያቸውም።

መሰላል ያዢውን ሳላነሣ ባልፍ ትዝብት ነው። መሰላል የሚይዝ ሰው ሁልጊዜ አለ፤ ችግሩ ስልክ አለው። «ቆይ አንድ ጊዜ» ብሎ ወደ በረንዳ ይወጣል። ከላይ ያለው ሰው ዓይኑ ብሎኑ ላይ፣ ጆሮው በሞተር ተደፍኖ፣ የሄደውን ሰው «ትንሽ ወደ ግራ አድርገው» እያለ ያዝዘዋል። ከእግሩ ሥር ያለችው ድመቷ ናት።

አሁን ወደ ዋናው ደረስን፤ ወደ መብራት።

በገመድ የሚሠሩ የጂብሰም ካቻቢቴዎች ብዙዎቹ ከቃታቸው አጠገብ ትንሽ ቁልፍ አላቸው። ቃታውን ስቦ ያንን ቁልፍ ጫን ሲሉት ቃታው እንደተሳበ ተቆልፎ ይቀራል። ተንኮል አይደለም፤ ጫፉ ሰሌዳው ላይ ሲጫኑት ብቻ ስለሚዞር ሞተሩ ያለማቋረጥ ቢዞር ሠራተኛው ቃታ በመሳብ ጣቱ አይዝልም። ይህን ያሰቡት ሰዎች ግን መብራት በማይጠፋበት አገር ተቀምጠው ነው ያሰቡት። እኛ ጋ ታሪኩ እንዲህ ይሄዳል፤ ሞተሩ ተቆልፎ እየዞረ መብራት ድርግም ይላል። ሁሉ ነገር ጸጥ። ሠራተኛው «ሄደ» ይላል፣ ካቻቢቴውን መሰላሉ አናት ላይ ያስቀምጠዋል፣ ይወርዳል። ሻይ ይመጣል። ጨዋታ ይመጣል። የመብራት ወሬ ከተነሣ ደግሞ መቋጫ የለውም፤ አንዱ «ከእኛ ሰፈር ይሻላል» ይላል፣ ሌላው ስለ ትራንስፎርመር ያስረዳል። በዚህ መካከል «መጣ!» የሚል ጩኸት ከሕንፃው ሁሉ ይሰማል፤ ልጆች ያጨበጭባሉ። መሰላሉ አናት ላይ የተቀመጠው ካቻቢቴም አብሮ ይነሣል። ማንም ሳይነካው ይጮኻል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይንሸራተታል፤ ከዚያ ሻይ ወደሚጠጡት ሰዎች ይወርዳል።

ስለዚህ መብራት በጠፋ ጊዜ የመጀመሪያው ሥራ ሻይ ማዘዝ አይደለም፤ ሶኬቱን መንቀል ነው። ጫፍ ሲቀየርም ሶኬቱ ይነቀል፤ የባትሪ ከሆነ ባትሪው ይውጣ። ያን ቁልፍ እኔ ብሆን ጨርሶ አልነካውም። ጣት ቢዝል ያርፋል።

ሶኬቱን ንቀሉ ስል ሶኬት እንዳለ ገምቼ ነው። ጫፉ ተቆርጦ ሁለት ራቁት ሽቦ ሆኖ፣ በግድግዳው ሶኬት ቀዳዳ በክብሪት እንጨት ተወትፎ የሚሠራ ካቻቢቴ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንባቢዬም ያላየ አይመስለኝም። 220 ቮልት ክብሪት እንጨትን አያከብርም። የመሣሪያው ገላ ላይ ትንሽ አራት ማዕዘን በሌላ አራት ማዕዘን ውስጥ ተሥሎ ካያችሁ ውስጡ በድርብ መከላከያ የተሸፈነ ነው፤ የምድር ሽቦ ስለማያስፈልገው ሶኬቱ ባለ ሁለት እግር ይሆናል። ፋብሪካው ሁለት ጊዜ የሸፈነውን እኛ በክብሪት እንገልጠዋለን። ኤክስቴንሽንም ተጠቅልሎ እንደተቀመጠ ብዙ ኃይል ሲስብ ይግላል፤ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ መሥራት አለበት፤ መተላለፊያ ላይ ከሆነ ደግሞ ቡና ይዛ የምትመጣው ልጅ እንዳትጠለፍበት በግድግዳው ሥር ይሂድ።

ግድግዳው ውስጥ የተቀበረው ሽቦ ሌላው ጣጣ ነው። በእኛ ቤቶች የመብራት መስመር በየት በየት እንደሄደ የሚያውቀው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ሥራውን ጨርሶ ሄዷል፣ ስልኩም «አይሠራም» ይላል። ከማብሪያ ማጥፊያውና ከሶኬቱ ቀጥታ ወደ ላይና ወደ ጎን መስመር ይኖራል ብሎ መጠርጠር ጥሩ ነው፤ መስመር ዘርጊው ግን አቋራጭ የሚወድ ሰው ሆኖ ከተገኘ ጥርጣሬም አያድንም። የዚያን ክፍል ብሬከር አጥፍቶ፣ በቴስተር አረጋግጦ፣ ለካቻቢቴው መብራት ከሌላ ክፍል መሳብ ወይም የባትሪውን መጠቀም ነው። ካቻቢቴውንም በፕላስቲኩ መያዣ እንጂ ከፊት ባለው ብረት አትያዙት፤ ብሎኑ ሽቦ ካገኘ ያ ብረት ዜናውን በቀጥታ ለእጅ ያደርሳል። «ቆጣሪውን አጥፋው» ሲባሉ «ፍሪጁ ይበላሻል» የሚሉ ባለቤቶች አሉ። ሥጋው ከሠራተኛው በልጦባቸው ነው ብዬ አልፈርድም፤ አንድ ኪሎ ሥጋ ስንት እንደገባ አውቃለሁ። ግን ፍሪጅ በሩ ካልተከፈተ ለጥቂት ሰዓት ቅዝቃዜውን ይዞ ይቆያል።

የሚቀረው የውሰት ጉዳይ ነው። በሰፈር ውስጥ አንድ የጂብሰም ካቻቢቴ ከተገዛ የገዛው ሰው ንብረት ሆኖ የሚቆየው እስከ መጀመሪያው እሑድ ነው። «አንድ ብሎን ነው የማጠብቀው» ይባላል፤ ይሄዳል። ከዚያ ቤት ወደ ቀጣዩ ይሻገራል፣ እንደ ዕድር ድንኳን እየዞረ ሕንፃውን ያዳርሳል። ሲመለስ ገመዱ በፕላስተር ተጠቅልሎ፣ ሣጥኑ ጠፍቶ፣ አፍንጫው ተነቅሎ ነው። «አፍንጫውስ?» ሲባል ተዋሹ ከልቡ ይገረማል፤ «እሱ እኮ ይከለክለኛል፤ ብሎኑን ወደ ውስጥ አላስገባም አለኝ፤ አውጥቼ ስሠራበት ነው የተገላገልኩት።» ወረቀቱን እንዳይቀድ የያዘውን፣ ብሎኑን በልኩ ያስቆመውን፣ «ጥቅ» የምትለዋን ክፍል ነው የተገላገላት። አሁን በእጁ ያለው በደቂቃ 4,000 ጊዜ የሚዞር፣ የት መቆም እንዳለበት የማያውቅ ሹል ብረት ነው። በዚህ ዓይነት የተመለሰ ካቻቢቴ አሁን እኛ ሕንፃ ውስጥ እየዞረ ነው፤ በድምፁ አውቀዋለሁ፣ «ትርርርር» ብሎ ይቀራል።

ስለዚህ በሕንፃችን የምትኖሩ፣ በሌላም ሕንፃ ያላችሁ፤ ካቻቢቴ የተዋሳችሁ ካላችሁ ከነአፍንጫው መልሱ። አፍንጫው የጠፋባችሁም ሄዳችሁ ግዙና መልሱ፤ እሱ እስኪገኝ ማንም በዚያ ካቻቢቴ ኮርኒስ አይሥራ።